ሶላር የአየር ጥራት መለኪያ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ባትሪውን አስከፍቱ

ከመስከረም ወዲህ ብቻ አራት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠይቆኛል። አንዷ ትምህርት ቤት ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የምትመራ ጓደኛዬ ናት። ሌላው ከአንድ ትንሽ ድርጅት በጀት ይዞ «እስከ ሰኔ 30 ካልተገዛ ብሩ ተመላሽ ይሆናል» እያለ የሚጨነቅ ልጅ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ «በሶላር የሚሠራ የአየር ጥራት መለኪያ ልንገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» ለእያንዳንዱ በቴሌግራም በድምፅ ስመልስ ጉሮሮዬ ደረቀ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

አስቀድሜ ልናገር፣ ገለልተኛ አይደለሁም። መለኪያውን ለብቻው፣ ሶላሩን ለብቻው ግዙ ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን የተበላሁበትን ታሪክ ማስቀደም አለብኝ።

ሦስቱ ነጭ ሳጥኖች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ለነበረን አንድ ፕሮጀክት ሦስት መለኪያ አስፈለገን። ፋብሪካው፣ ከባድ መኪናው፣ የጓሮ ቆሻሻ ማቃጠሉ ሁሉ እዚያ አለ። ጭሱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የጎደለው ቁጥሩ ነበር። ኢንተርኔት ስፈትሽ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ነጭ ሳጥን አገኘሁ። ፓነሉ አናቱ ላይ ተለጥፏል፣ ባትሪው ሆዱ ውስጥ ነው፣ ሲም ካርድ ይገባበታል። ሁሉም በአንድ። አንዱ 180 ዶላር። ከዱባይ እቃ የሚያመላልስ ሰው የራሱን ጨምሮበት አመጣልን። በጣም ደስ አለኝ። «ከበጀት በታች ተገዝቷል» ብዬ ሪፖርት ላይ ሳይቀር ጻፍኩ።

የተከልናቸው ጥር ላይ ነው። ጥር ላይ የማይሠራ ሶላር የለም። እስከ ግንቦት ድረስ ቁጥሩ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን አንደኛው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ድምፁን አጠፋ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። ሐምሌ ላይ ሦስቱም ለቀናት ጭልጥ ብለው ጠፉ። እኛ ደግሞ በጣም የምንፈልገው የሌሊቱንና የማለዳውን ቁጥር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ማለዳ ላይ አየሩ ቀዝቅዞ ጭሱን መሬት ላይ ተጭኖ ይይዘዋል። መለኪያችን ደግሞ ያኔ ተኝቷል።

አውርደን ልንከፍተው ስንል ብሎን የለውም። ዙሪያውን በሲሊኮን ተለጥፏል። ሰፈራችን ካለው ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ጋሼ በቢላ ሰንጥቀው ከፈቱትና ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የእጅ ባትሪ ነው» አሉኝ። ውስጡ ሁለት ክብ የሊቲየም ባትሪዎች አሉ፤ እነዚያ 18650 የሚባሉት። ላያቸው ላይ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ምርጥ የሚባለው እንኳ ጣሪያው 3,500 አካባቢ ነው። 9,900 የሚል 18650 ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ፎርጅድ ነው። የእኛን ሞልተን አውጥተን ስንለካው 1,200 አካባቢ ሆኖ ተገኘ። በእጅም ይታወቃል። ኦሪጅናሉ ከ45 ግራም ያላነሰ ይመዝናል። ይሄኛው እንደ ባዶ ቀፎ ይቀላል።

የባሰው ገና ነበር። ባትሪውን ቀይረን መልሰን ሰቀልናቸው። መስከረም 16 የደመራ ማታ መጣ። ከተማው በሙሉ ጭስ ነው፤ አይን ያቃጥላል። ሁለቱ መለኪያዎች ቁጥራቸው ሽቅብ ወጣ። ሦስተኛው 35 ላይ ቁጭ ብሏል። ከደመራው በፊት 35፣ ደመራው ሲነድ 38፣ ሲያበቃ 35። ስንከፍተው ውስጡ ሌዘርም ፋንም የለም። ተራ የኢንፍራሬድ መብራት ያለባት ርካሽ አቧራ መለኪያ ናት። ያው ነጭ ሳጥን፣ ያው ዋጋ፣ ያው ማስታወቂያ፤ ሆዱ ግን ሌላ። ሻጩ መልስ መስጠት ካቆመ ቆይቷል።

540 ዶላር። የአምጪው ሳይታሰብ።

በዚህ ምክንያት ነው አሁን ሰው የሶላር መለኪያ ምስል ሲልክልኝ «ብሎኑ የት ነው?» የምለው። የማይከፈት እቃ አይጠገንም።

የክረምቱ ሂሳብ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ብዙ ብር የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ለሂሳቡ ደግሞ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

በብዙ ርካሽና መካከለኛ መለኪያዎች ውስጥ ያለው ሰንሰር ፕላንታወር ፒኤምኤስ 5003 ይባላል። የክብሪት ቀፎ የምታክል ናት፤ ውስጧ ትንሽ ሌዘርና ትንሽ ፋን አለ። በ5 ቮልት እስከ 100 ሚሊአምፔር ትወስዳለች። ግማሽ ዋት ማለት ነው። ዋይፋይ ያለው ሰሌዳ ሲጨመርበት ወደ 1 ዋት ይጠጋል። ኢንተርኔት የሚሰጠው የሲም ካርድ እቃ ሌላ ከ1 እስከ 2 ዋት ይበላል። ስለዚህ 3 ዋት ያዙ። 24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 72 ዋት ሰዓት ነው።

አሁን ፓነሉ። በክረምት ደመና ፓነል ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥባቸው ሰዓቶች ተጠራቅመው በቀን 3 ቢሞሉ ነው። የኔ ነጭ ሳጥን 6 ዋት ፓነል ነበረው። 6 በ3፣ 18። በሽቦ፣ በሙቀትና በቻርጅ የሚባክነውን 30 በመቶ ቀንሱ። 13 እንኳ አይሞላም። ሳጥኑ ደግሞ ቁጠባ ላይ ሆኖም በቀን 18 ይፈልጋል። ጥር ላይ ለምን እንደሠራ፣ ሐምሌ ላይ ለምን እንደሞተ ይኸው ነው። ሻጩ ባይዋሽ እንኳ ሂሳቡ አይገጥምም ነበር።

40 ዋት ፓነል ብትሰቅሉ 40 በ3 በ0.7፣ 84 ይመጣል። ከ72 ይበልጣል፤ ይበቃል። ለሁለት ቀን ድፍን ደመና የሚሆን ባትሪ 144 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12.8 ቮልት፣ 12 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊቲየም አይረን ፎስፌት (LiFePO4፣ ባጭሩ ሊቲየም ፎስፌት) ባትሪ 153 ዋት ሰዓት አለው። በቃ። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ገበያ ውጡ። ባለሱቁ «ይሄ 20 ዋት ይበቃል፣ እኔ ነኝ ያለ ነው» ሲላችሁ ወረቀቱን አሳዩት።

ስለ ባትሪው ዓይነት አንድ ነገር ልበል። ለማንቂያና ለዩፒኤስ የሚሸጠው ባለ 7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ርካሽ ነው፤ በየሱቁም አለ። ግን ከግማሽ በታች ባወረዳችሁት ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። እኛ አገር ክረምት ላይ በየሌሊቱ ታች ይወርዳል። የእኔ ሁለት ክረምት አልዘለቀም። ሊቲየም ፎስፌት ሲገዛ ያማል፤ በዓመት ሲካፈል ግን ርካሹ እሱ ነው። ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው) ለዚህ ባትሪ የሚሆን ምርጫ እንዳለው እያያችሁ ግዙ። ላዩ ላይ በትልቁ ኤምፒፒቲ (ከፓነሉ የበለጠ ጉልበት የሚያወጣው ውዱ ዓይነት) ተብሎ የተጻፈባቸው ሰማያዊ ርካሽ ኮንትሮለሮች አሉ። አብዛኞቹ ውስጣቸው ተራው ፒደብልዩኤም ነው። ለ40 ዋት ተራው ይበቃችኋል፤ ችግሩ በኤምፒፒቲ ዋጋ መሸጡ ነው።

የፓነሉ አቅጣጫም ብር ነው። ከአውሮፓ የመጣ መመሪያ ይዞ ፓነሉን 45 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ፕሮጀክት አይቻለሁ። እኛ ከምድር ወገብ በላይ 9 ዲግሪ ላይ ነን። ሰኔና ሐምሌ ላይ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ናት! ያን ጊዜ 45 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያየ ፓነል ከቀጥታው ብርሃን ግማሽ ያህሉን ያጣል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ አዘንብሉት። ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ያህል። የወፍ ኩስ ግን ዝናብም አይለቀውም፤ ጨርቅ የሚይዝ ሰው መድቡ።

እንግዲህ የቱን?

ገበያው ላይ ያለውን ሁሉ አልዘረዝርም። ሰው የሚጠይቀኝን ብቻ ነው።

ክላሪቲ ኖድ ኤስ። የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሥራ ነው። ከሁሉም በፊት ሰው ልቡ የሚሄደው ወደዚህ ነው፤ አይፈረድበትም። ሶላሩ አብሮት ነው፣ ሲሙ አብሮት ነው፣ ምሰሶ ላይ አስራችሁ ትሄዳላችሁ። ፒኤም 2.5 የሚባለውን ሳንባ ድረስ የሚዘልቅ ደቃቅ ብናኝና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለካል። «ሁሉም በአንድ አትግዙ ብለህ የለ?» የምትሉኝ ካላችሁ፣ ይሄኛው ፎርጅድ አይደለም፤ ሂሳቡን አውቀው የሠሩት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ አከፋፈሉ ነው። እቃውን ገዝታችሁ የምትገላገሉት ሳይሆን በየዓመቱ የምትከፍሉት አገልግሎት ነው። በዶላር። የሦስት ዓመት በጀት በእጁ ያለ ትልቅ ፕሮጀክት ይህን ይግዛ፤ ራስ ምታቱ ይቀንስለታል። የትምህርት ቤት ክበብ ግን አራተኛው ዓመት ላይ ማን ይከፍልለታል? ፕሮጀክት ሲያልቅ መኪናው ይወሰዳል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ ምሰሶው ላይ ሳጥን ይቀራል። ይህን ያላየ የፕሮጀክት ሰው የለም።

ደግሞ ዶላሩን አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። የ250 ዶላር እቃ ከ14,250 ብር ወደ 25,000 ዘለለ። አንዴ የገዛ ሰው አንዴ ነው የተጎዳው። በየዓመቱ የሚከፍል ሰው በየዓመቱ ይጎዳል።

ፐርፕል ኤር። ይህም አሜሪካዊ ነው፤ ዋጋው ከ200 እስከ 300 ዶላር መሃል ይዋልላል። ዲያስፖራ ወንድም እህት ያለው ሁሉ በሻንጣ የሚያስመጣው እሱን ነው። የምወድለት ነገር አለ። ለቤት ውጭ የሚሰቀለው የታወቀው ሞዴል ውስጡ ሁለት ሌዘር አለው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ካላሳዩ አንዱ ችግር ገጥሞታል ማለት ነው። ሸረሪት የገባበት ሰንሰር እንዲህ ነው የሚያዘው። እውነቴን ነው፣ ሸረሪት ከመብራት መጥፋት ቀጥሎ ዋናው ጠላታችን ነው። ግን ሶላርም ሲም ካርድም የለውም። የዩኤስቢ ሽቦ ነው ይዞ የሚመጣው፣ ዋይፋይም ይፈልጋል። በርከት ያለ ዳታ በራሳችሁ ፕሮግራም ልታወርዱ ስትሉ ደግሞ በነጥብ ያስከፍላል፤ መጀመሪያ ላይ ነጻ የሚሰጠው ነጥብ ለትንሽ ሥራ ይበቃል።

ኤርግራዲየንት ኦፕን ኤር። የኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ይኸው ወጣልኝ። መሥራቾቹ ታይላንድ ቺያንግ ማይ ናቸው። ዋጋው እንደ አመጣጡ፣ ተገጣጥሞ ወይም ተበታትኖ፣ ከፐርፕል ኤር ወረድ ይላል። ሰንሰሩ ያው ፕላንታወር ነው። ልዩነቱ ንድፉም ኮዱም ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። ብሎን አለው! ከፍታችሁ ሰንሰሩን ነቅላችሁ አዲስ ትሰካላችሁ። ዳታውን ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር መላክ ትችላላችሁ፤ ኩባንያው ነገ ቢዘጋ እቃው አይሞትም። የምህንድስና ተማሪ ካላችሁ ደግሞ ኮዱን ለውጦ ሰንሰሩን በየአሥር ደቂቃው ብቻ እንዲያነቃው ማድረግ ይችላል። ፋኑ ተነስቶ ቁጥሩ እስኪረጋ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። የሰንሰሩ ዕድሜ በፋብሪካው ወረቀት ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ እያስተኙ ቢያሠሩት ይረዝማል፤ መብራትም ይቆጥባል።

ጉድለቱን አልደብቅም። ሶላር የለውም፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚገዛው ሞዴል አንድ የአቧራ ሰንሰር ነው ያለው። ስለዚህ ሸረሪቷ ስትገባ የሚጠቁማችሁ ሁለተኛ ዓይን የለም። እኔ በየሦስት ወሩ አስከፍቼ በአየር መንፊያ አስነፋዋለሁ።

ኤርኮ። በኡጋንዳ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው። ለአፍሪካ ከተማ አቧራ፣ ሙቀትና መብራት መቆራረጥ ተብሎ የታሰበ፣ በሶላርም በመብራትም የሚሠራ፣ ቁጥሩን በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ። ቦዳ ቦዳ በሚባለው የታክሲ ሞተር ላይ ሳይቀር ጭነውት ያውቃሉ። ወደ ካምፓላ ጽፋችሁ ሳትጠይቁ ሌላ ከባድ ግዥ እንዳትፈጽሙ። በተለይ ክፍለ ከተማ ወይም ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ። አንድ ሁለት ፍሬ ለሚፈልግ ክበብ ግን ከሱቅ እንደማንሳት ቀላል አይደለም።

ሞዱሌር ፒኤም የሚባለው የኳንት ኤኪው እቃ በዋጋው ሌላ መደብ ነው። የማነሳው ለአንድ ምክንያት ብቻ ነው። ፕላንታወር ሰንሰር ጭስን እንጂ ወፍራም አቧራን በደንብ አያይም። ፒኤም 10 (ወፍራሙን ብናኝ ጭምር የሚይዘው) ብሎ የሚያሳየውን ቁጥር አትመኑት። ጥያቄያችሁ የመንገድ ቁፋሮና የግንባታ አቧራ ከሆነ፣ ከላይ ያልኳቸው ርካሽ መለኪያዎች አቧራው አይናችሁን እየሞላው «አየሩ ደህና ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ይሄኛው ትልልቁን ብናኝ የሚቆጥር ሁለተኛ ሰንሰር ጨምሮበታል። የኮሪደር ልማት ቁፋሮ አቧራ ልንለካ ነው ብለው ፕላንታወር ሊገዙ የነበሩ ሰዎችን አስቁሜያለሁ፤ ኩራት አይሁንብኝ።

ራስ በራስ መገጣጠም የሚሉም አሉ። ኤስዲኤስ 011 የተባለውን ሰንሰርና አንድ ዋይፋይ ሰሌዳ ገዝቶ መሥራት። ጀርመን ሽቱትጋርት የተጀመረው የዜጎች መረብ ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ነው። ለተማሪ ትምህርት ከዚህ የተሻለ የለም፤ ርካሽ ነው፣ ደስ ይላል። ግን የዚህ ሰንሰር ሌዘር ዕድሜ በወረቀቱ 8,000 ሰዓት ነው። በ24 ሲካፈል 333 ቀን። ሳያርፍ ከሠራ ዓመት አይሞላም ማለት ነው። ለፕሮጀክት ሪፖርት አትደገፉበት።

ኢንተርኔቱ

ስለዚህ ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ግን ምሰሶ ላይ ወጥቼ ተምሬዋለሁ። ዋይፋይ የሌለበት ቦታ ሰው የኪስ ዋይፋይ ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ብዙዎቹ የራሳቸው ባትሪ አላቸው። መብራት ጠፍቶ ባትሪያቸው ካለቀ በኋላ ኃይል ሲመለስ ቻርጅ ያደርጋሉ እንጂ አይበሩም። ቁልፍ የሚጫን ጣት ይጠብቃሉ። አራት ሜትር ምሰሶ ላይ! ለአንዲት ቁልፍ መሰላል ተሸክሜ ከተማውን አቋርጫለሁ። ባትሪ የሌለውን፣ ዩኤስቢ ላይ እንደተሰካ በራሱ የሚበራውን የዋይፋይ ዶንግል ግዙ። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ሦስት ጊዜ ነቅላችሁ ሰኩት። ሦስቱንም ጊዜ ካልተነሳ መልሱለት። የዳታ ወጪው አያስጨንቅም፣ በወር ከአንድ ጊጋ በታች ነው።

ቁጥሩ እውነት ነው ወይ?

ሁሉም ርካሽ ሌዘር አንድ በሽታ አለበት፤ እርጥበት። ብናኙ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ሰንሰሩ ጭስ የበዛ ይመስለዋል። የክረምት ጉም ያለበት ማለዳ ቁጥሩ ቢዘል ቶሎ ሪፖርት አትጻፉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለፐርፕል ኤር ያወጣው ማስተካከያ ንባቡን በ0.524 አባዝቶ ለእርጥበት ደግሞ ይቀንስለታል። ግማሽ ያህሉን ቆረጠው ማለት ነው! ያ ግን የአሜሪካን አየር ይዞ የተሠራ ነው፤ የኛ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የከሰል ጭስ ሌላ ነው። ቀድሞ የአሜሪካ ኤምባሲ ትልቁ መለኪያ የሚያወጣውን ቁጥር አጠገብ አድርገን እናመሳክር ነበር። የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የኤምባሲዎቹ ቁጥር በመላው ዓለም ለሕዝብ መውጣቱ ቆመ።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። የተገዙትን መለኪያዎች ከመበተኔ በፊት ሁለት ሳምንት አንድ ሰገነት ላይ ጎን ለጎን እሰቅላለሁ። እርስ በርስ የማይስማማውን አወጣዋለሁ። ማጣቀሻ መሣሪያ (ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ትልቅ መለኪያ) ያለው ተቋም ካገኘሁም አንዱን እዚያ አስቀምጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለፒኤም 2.5 የዓመቱን ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱን 15 አድርጎታል። እዚህ ጠባብ ቁጥር ላይ ቆማችሁ ስትከራከሩ መለኪያችሁ በእጥፍ የሚሳሳት ከሆነ፣ ወረዳው «እቃችሁ የማይረባ ነው» ብሎ ይሸኛችኋል። ልክም ነው።

ስንት ይፈጃል?

ለሂሳብ እንዲመች ዶላሩን በ150 ብር ልያዘው። መለኪያው 200 ዶላር፣ 30,000 ብር። ፓነል፣ ባትሪ፣ ኮንትሮለር፣ ዶንግል፣ ውኃ የማያስገባ ሳጥንና የብየዳው እግር ተደምረው እኔ የከፈልኩት ከመለኪያው ዋጋ ብዙ አይርቅም፤ ሌላ 30,000 ያዙ። መለዋወጫ ሰንሰር አንድ፣ 25 ዶላር፣ 3,750 ብር። ለአንድ ቦታ በድምሩ 63,750 ብር። በሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 21,250። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሰንሰሩን ትቀይራላችሁ፤ ባትሪው ገና ይሠራል። የእኔ ነጭ ሳጥን በዛሬ ብር 27,000 ነበር። ርካሽ ነው፣ አይደል? አንድ ክረምት እንኳ አልወጣም።

ሌባ የሚሰርቀው መለኪያውን ሳይሆን ፓነሉን ነው። ምሰሶ ላይ ከመስቀል የትምህርት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ አድርጉት፤ ጥበቃውንም አስተዋውቁት። የእኛ ጥበቃ አሁን ከኔ በላይ ቁጥሩን ይከታተላል። «ዛሬ ቀይ ነው፣ ማነው ያቃጠለው?» ብሎ ይደውልልኛል።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በሻንጣ ለምታስመጡ፣ መለኪያው ራሱ ባትሪ ስለሌለው ችግር የለውም። የሊቲየም ባትሪ ለብቻው ግን በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቢበዛ ሁለት ፍሬ። ባለ 12 አምፔር ሰዓቱ 153 ነው ብለን የለ? አክስታችሁን ኤርፖርት ላይ አታስጨንቋት። መለኪያውንና መለዋወጫ ሰንሰሩን ታምጣላችሁ። ባትሪውን እዚሁ ግዙ፤ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሱቁ ለመለካት ፈቃደኛ ካልሆነ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።